የጣና ዳር ረጅም ሩጫ፦ የሚባለውና እውነቱ

መጸው ገብቷል። ዝናቡ ቆሟል፣ ኑጉ ሜዳውን ቢጫ አልብሶታል፣ ንጋት ላይ ከጣና የሚመጣው አየር ቀዝቀዝ ብሎ ደረት ያጸዳል። ባሕር ዳር የሚሮጥ ሰው ይህን ወቅት ዓመቱን ሙሉ ነው የሚጠብቀው። እኛም ቅዳሜ ቅዳሜ ተሰባስበን ሎንግ፣ ማለትም ረጅም ሩጫ፣ እንወጣለን፤ እሑድ አብዛኛው ሰው ቅዳሴ አለበት። ከሐይቁ ዳር ተነስተን ዓባይን በድልድዩ እንሻገርና የቤዛዊትን ኮረብታ ወጥተን፣ ዙሪያውን ያሉትን ኮረብታዎች እየቆራረጥን እንመለሳለን። መንገዱ ሰላም መሆኑን ማታውኑ ሳንጠይቅ ግን አንወጣም። ካልሆነ ከተማው ውስጥ መዞርም ሩጫ ነው።

አዲስ ሰው በመጣ ቁጥር አብረውት የሚመጡ አባባሎች አሉ። ከታላቅ ወንድም የተሰሙ፣ ከጂም የተለቀሙ፣ ዝም ብለው የተወረሱ። አንዳንዶቹ ምንም አይጎዱም። አንዳንዶቹ ግን ጎበዝ ሰው በሁለት ሳምንት ውስጥ ሩጫውን እንዲተው ያደርጉታል፣ ይህ ነው የሚያናድደኝ። እስቲ አንድ በአንድ እንያቸው።

«ሎንግ ማለት አቅምህን የምትፈትንበት ቀን ነው»

አይደለም። ከሁሉም የሚጎዳን ይኸኛው ነው።

የረጅም ሩጫ ሥራው ሌላ ነው። ልብ በአንድ ምት የምትረጨው ደም ይጨምራል። ጡንቻ ውስጥ ያሉት ቀጫጭን የደም ሥሮች ይበዛሉ። ሰውነት ስብን እያቃጠለ መሄድን ይለምዳል። ጅማቱና አጥንቱም ቀስ በቀስ ይጠነክራል። ይህ ሁሉ የሚገኘው ረዘም ላለ ጊዜ በመሮጥ ነው፤ በመፍጠን የሚጨመርበት ነገር ትንሽ ነው፣ የሚያስከፍለው ግን ብዙ።

መለኪያው ወሬ ነው። ጎናችሁ ካለው ሰው ጋር ሙሉ ዓረፍተ ነገር እያወራችሁ መሄድ ካልቻላችሁ ፈጥናችኋል። ሁለት ቃል ብላችሁ ትንፋሽ የምትስቡ ከሆነ ውድድር ውስጥ ገብታችኋል፣ ውድድር ደግሞ በየሳምንቱ አይሮጥም። ሰዓት ማሰርም ሆነ ስልክ መያዝ አያስፈልግም። ትልልቆቹ አትሌቶቻችን በቀላል ቀናቸው ጫካ ውስጥ ሲሮጡ ያየ ሰው ይገረማል፤ ዱብ ዱብ እያሉ ነው የሚሄዱት። የሚፈጥኑበት ቀን አላቸው፣ ያን ቀን ለማዳን ነው ዛሬ የሚያዘግሙት። እኛ ሠፈር ግን ቅዳሜ የሮጠው ሰው ሰኞ ደረጃ መውረድ ካቃተው «በደንብ ሠርቷል» ይባላል። ሰኞ መሮጥ ያልቻለ ሰው ቅዳሜን አበላሽቷታል።

«ጎበዝ ብቻውን ነው የሚሮጥ፤ ከሰው ጋር መሮጥ ያዘገያል»

ይህን የሚል ሰው ከአገራችን አትሌቶች ጋር አንድ ቀን ልምምድ ቢወጣ ሐሳቡን ይለውጣል። እነሱ ዘንድ ብቻህን መሮጥ ለጤና ነው የሚባለው፤ መለወጥ የፈለገ ከሰው ጋር ይሮጣል። አንድ ሰው ከፊት ይመራል፣ ሌላው ተከትሎ በአንድ መስመር ይሰለፋል። ከፊት ያለው ነፋሱን ይቀበላል፣ ፔሱን፣ ማለትም የሩጫውን ፍጥነት፣ ይይዛል፣ መንገዱን ይመርጣል። ከኋላ ያለው የፊተኛውን ተረከዝ እያየ መሄድ ብቻ ነው ሥራው። ጭንቅላቱ ያርፋል።

ኮረብታ ላይ ደግሞ ጥቅሙ በዓይን ይታያል። ፊት ያለው ሰው ጉድጓድ ወይም የላላ ድንጋይ ሲያይ አይጮኽም፤ እጁን ከኋላው አድርጎ በጣቱ ወደ መሬት ይጠቁማል። ከኋላው ያለው ያንኑ ምልክት ለቀጣዩ ያሳልፋል፣ እንዲህ እያለ እስከ መጨረሻው ሰው ይደርሳል። ክረምቱ መንገዱን ቦርቡሮት ሣሩ ጉድጓዱን በሸፈነበት በዚህ ወቅት ስንት ቁርጭምጭሚት በዚህች ምልክት እንደተረፈ ያየ ያውቀዋል።

ጎጃሜ ደግሞ ይህን ለመረዳት ሩቅ መሄድ የለበትም። ወንፈል ነው። ዛሬ እኔ ላንተ አጭዳለሁ፣ ነገ አንተ ለእኔ። ከፊት መምራትም እንደዚያ በተራ ነው፤ ሁልጊዜ ከኋላ ተደብቆ መጨረሻ ላይ ፈትለክ ብሎ የሚቀድም ሰው ወንፈሉን በልቶ ጠፍቷል። አብሮ መሮጥ የሚያዘገየው፣ ይልቁንም የሚጎዳው፣ ጎን ለጎን የሚሄዱት ሁለት ሰዎች እርስ በርስ መፎካከር ሲጀምሩ ነው። አንዱ ግማሽ እርምጃ ይቀድማል፣ ሌላው ይደርስበታል፣ ሳያውቁት ፍጥነቱ ይጨምርና ከኋላ ያሉት ይበተናሉ። በእኔ እምነት ሰው ወደኋላ ከቀረ የሚጠየቀው የመራው ነው።

«የሚጎዳው ዳገቱ ነው፤ ቁልቁለት እረፍት ነው»

ዳገት ትንፋሽ ያሳጥራል፣ ልብ ያደልቃል፣ ስለዚህ ከባድ መሆኑን ወዲያው እናውቃለን። ቁልቁለቱ ግን ዕዳውን የሚጠይቀው በማግስቱ ነው።

ከቤዛዊት ስትወርዱ የምታደርጉትን ልብ በሉ። እግራችሁ መሬት በነካ ቁጥር የፊት ጭናችሁ ጡንቻ ሰውነታችሁ እንዳይወድቅ ፍሬን ይይዛል። ጡንቻው እየተለጠጠ ነው የሚሠራው፤ እንዲህ ያለው ሥራ በክሮቹ ላይ ጥቃቅን ጉዳት ያደርሳል። ሕመሙ ከአንድ እስከ ሦስት ቀን ባለው ጊዜ ውስጥ ይበረታል። ሽንት ቤት ለመቀመጥ የሚያስቸግረው ያ የጭን ሕመም ከዚህ ነው የሚመጣው።

«ላክቲክ አሲድ ተጠራቅሞብኝ ነው» የሚለውም ስህተት ነው። ጡንቻ በሩጫ ጊዜ የሚያወጣው ላክቴት (ሰው ላክቲክ አሲድ የሚለው) ከቆማችሁ በኋላ በአንድ ሰዓት ገደማ ወደ ቦታው ይመለሳል። እሑድ የሚያማችሁ ነገር የቅዳሜ ላክቴት ሊሆን አይችልም። ስለዚህ እሱን «ለማስወጣት» ብሎ መታሸትም ሆነ ላብ በላብ እስኪሆኑ መሥራት ትርፉ ድካም ነው። ከሩጫ በፊት ቆሞ ጡንቻ መሳብም ይህን ሕመም አያስቀረውም። የሚያስቀረው ቁልቁለትን ቀስ በቀስ መልመድ ነው፤ አንዴ በመጠኑ የለመደ ጡንቻ በሚቀጥለው ጊዜ ያነሰ ይታመማል። በመጀመሪያው ቅዳሜ አጭር ቁልቁለት፣ እርምጃን አሳጥሮ፣ ጉልበትን ለስለስ አድርጎ። እየዘለሉ መውረድ ያምራል፣ ግን በሰኞው ይከፈላል።

«ዳገት ላይ መራመድ ነውር ነው»

ነውር የለውም። በጣም ቀጥ ያለ ዳገት ላይ በአንድ ዓይነት ፍጥነት ብትራመዱ ከመሮጥ ያነሰ ጉልበት ነው የሚወስደው። የተራራ ሯጮች ሆነ ብለው ይራመዳሉ። እጃችሁን ጭናችሁ ላይ አድርጋችሁ ውጡ፣ አናት ላይ ስትደርሱ ትሮጣላችሁ።

«እኛ የደጋ ልጆች ነን፤ ሳንባው አለን»

ከፍታ እርግጥ ይረዳል። ግን ባሕር ዳር ያለችው 1,800 ሜትር ገደማ ላይ ነው። ደብረ ማርቆስ ከ2,400 ሜትር በላይ ናት፣ የጮቄ ተራራ ደግሞ ከ4,000 ሜትር ያልፋል። ጥሩነሽንና ቀነኒሳን ያፈራችው በቆጂ 2,800 ሜትር ገደማ ላይ ናት። ከጣና ዳር ተነስቶ ጮቄ ግርጌ ሄዶ በለመደው ፔስ የሮጠ ሰው ልዩነቱን በአሥር ደቂቃ ውስጥ ያገኘዋል። ደግሞም በከፍታ መወለድ ልምምድን አይተካም። እነዚያ ልጆች በየቀኑ ሲሮጡ ነው ያደጉት።

«አበበ በቂላ በባዶ እግሩ ነው ያሸነፈ፤ ጫማ ምን ያደርጋል»

አበበ በ1952 ዓ.ም. ሮም ላይ በባዶ እግሩ ሮጦ ማራቶኑን በ2:15:16 አሸነፈ። የቀረበለት ጫማ ስላልተመቸው ነበር። በቀጣዩ ኦሎምፒክ፣ በ1957 ዓ.ም. ቶኪዮ ላይ፣ ጫማና ካልሲ አድርጎ ነው የገባው። ያኔ 2:12:11 ሮጠ። ሦስት ደቂቃ ፈጠነ ማለት ነው፣ ያውም የትርፍ አንጀት ቀዶ ጥገና ካደረገ ሁለት ወር ሳይሞላው! ታሪኩን ግማሹን ብቻ ስንናገር ሰውየውንም እናሳንሰዋለን።

ለጎጃም ደግሞ ተጨማሪ ምክንያት አለ። በደጋው ቀይ አፈር ላይ ለዓመታት በባዶ እግር የሚሄድ ሰው እግሩ ሊያብጥ ይችላል። ዝሆኔ የምንለው አንዱ ዓይነት ይህ ነው። እርግማንም ተላላፊም አይደለም፤ ከአፈሩ የሚመጣ ነው፣ ጫማ ማድረግና እግር መታጠብ ይከላከለዋል። አንድ ቀን በባዶ እግር መሮጥ ይህን አያመጣም። ግን ገበሬው ወላጃችን ጫማ እንዲያደርግ የምንለምን ሰዎች፣ ባዶ እግርን የጀግንነት ምልክት ማድረግ የለብንም። ሰልባጅም ቢሆን ሶሉ ያላለቀ ጫማ ይበቃል።

«ውሃ በጠጣህ ቁጥር ጥሩ ነው፤ ምግብ ግን አትቅመስ»

ሁለቱም ተገልብጠዋል። ሳይጠሙ ውሃ መጋት ደም ውስጥ ያለውን ሶዲየም፣ ማለትም ጨው፣ ያቀጥነዋል፣ ሲከፋም ይገድላል። በ1994 ዓ.ም. የቦስተን ማራቶን ላይ ደማቸው ከተመረመረ 488 ሯጮች 13 ከመቶዎቹ ሶዲየማቸው ከልክ በታች ወርዶ ተገኝቷል። በጠማችሁ ጊዜ ጠጡ፣ በቃ።

ምግብን በተመለከተ፣ ጡንቻና ጉበት ውስጥ የተቀመጠው ስኳር በጥሩ ሩጫ ሁለት ሰዓት ገደማ ቢያቆይ ነው። ከዚያ በላይ የምትወጡ ከሆነ በባዶ ሆድ መውጣት ለማክሳት አይረዳም፤ መንገድ ላይ ዓይን ያጨልማል። አንድ ሃይላንድ በሶ ከማር ጋር በጥብጣችሁ ያዙ። ዱቄቱ ከታች እንዳይረጋ ከመጠጣታችሁ በፊት በደንብ ናጡት። ከታሸገው የስፖርት መጠጥ የሚያንስበት ነገር አይታየኝም፣ ለጾምም ይሆናል። ማሩ ካልተስማማችሁ በስኳር፣ ጨው ጣል አድርጋችሁ።

«ሩጫ ጉልበት ይጨርሳል»

እ.ኤ.አ. በ2017 የወጣ ብዙ ጥናቶችን ያጣመረ ሥራ የጉልበትና የዳሌ መገጣጠሚያ መበላሸትን አነጻጽሮ ነበር። ለጤናቸው በሚሮጡት ላይ 3.5 ከመቶ፣ በማይሮጡት ላይ 10.2 ከመቶ፣ በውድድር ሯጮች ላይ 13.3 ከመቶ ተገኘ። እንደኛ በልኩ የሚሮጥ ሰው ጉልበቱ ከተቀመጠው ይሻላል። አብዝቶ መግፋቱ ነው አደጋው፤ ያው መጀመሪያ ያልኩት ነው።

«ለሴት ልጅ ረጅም ርቀት ማህፀን ያበላሻል»

ይህን አሁንም የሚሉ እናቶች አሉ። ልጆቻቸውን ስለሚወዱ ነው፣ ግን እውነት አይደለም። የዓለም ስፖርት አለቆችም አንድ ጊዜ እንዲህ ያስቡ ነበር። በ1920 ዓ.ም. አምስተርዳም ላይ ሴቶች 800 ሜትር ከሮጡ በኋላ «አይችሉትም» ተብሎ ርቀቱ እስከ ሮም ኦሎምፒክ ድረስ ተሰረዘባቸው። የሴቶች ማራቶን ኦሎምፒክ ውስጥ የገባው በ1976 ዓ.ም. ነው። ከ12 ዓመት በኋላ ፋጡማ ሮባ አትላንታ ላይ ወርቁን ወሰደች። ደራርቱ ቱሉ ልጅ ወልዳ ተመልሳ በ1993 ዓ.ም. ሲድኒ ላይ 10,000 ሜትርን አሸነፈች። እናትዬ፣ ልጅሽን ልቀቂያት፤ ቅዳሜ ከእኛ ጋር ትምጣ፣ ተያይዘን ሄደን ተያይዘን እንመለሳለን።

«ከሩጫ በኋላ እግርን ጣና ውስጥ መንከር ድካም ያወጣል»

ደስ ይላል፣ አውቃለሁ። ግን ጥልቀት የሌለውና ሣር የበዛበት የጣና ዳርቻ ቀንድ አውጣ አለበት፣ ቀንድ አውጣው ደግሞ የቢልሃርዝያ ተሸካሚ ነው። ትሉ በቆዳ ነው የሚገባው፣ ቁስል አያስፈልገውም። ዘጌ አካባቢ በደንብ የታወቀ በሽታ ነው። መድኃኒት አለው፣ ግን ለምን? ቤት ሄዳችሁ ባልዲ ውሃ ውስጥ ንከሩት።

እዚያው ሳለን፣ «ጉማሬ ሣር በል ነው፣ ሰው አይነካም» የሚለውንም ተዉት። ጉማሬ ሌሊት ወጥቶ ሣር ይግጥና ንጋት ላይ ወደ ውሃው ይመለሳል። እኛ የምንሮጥበት ሰዓት ማለት ነው። በእሱና በውሃው መካከል የገባ ሰው ላይ አይምርም። ዓባይ ከሐይቁ በሚወጣበት በኩል ገና ሳይነጋ አትሩጡ፤ ብርሃን እስኪሆን ጠብቁ፣ ከሸምበቆውም ራቁ።

«ማታ ብርድ ብርድ ካለህ ከሩጫው ድካም ነው»

በሌላ አገር ሊሆን ይችላል። ጣና ዳር፣ ከመስከረም እስከ ታኅሣሥ፣ መጀመሪያ መጠርጠር ያለበት ወባ ነው። በአገራችን ወባ የሚበዛው ከ2,000 ሜትር በታች ነው፣ ባሕር ዳርም እዚያው ውስጥ ናት፤ ዝናቡ ቆሞ ኩሬው የቀረበት ይህ ወቅት ደግሞ ዋናው ጊዜው ነው። ትንኟ ከምሽት እስከ ንጋት ትነክሳለች። ሕመሙ የሚጀምረው ከተነከሱ ሳምንት ወይም ሁለት ሳምንት ቆይቶ ስለሆነ ሰው ከትናንቱ ሩጫ ጋር ያገናኘዋል። የጡንቻ ሕመም ትኩሳት አያመጣም። ብርድ ብርድ ብሏችሁ፣ ራሳችሁን አሟችሁ፣ ሰውነታችሁ ከጋለ «በላብ ይወጣልኛል» ብላችሁ እንዳትሮጡ። በዚያው ቀን ጤና ጣቢያ ሄዳችሁ ደማችሁን ተመርመሩ። አብሯችሁ የሚሮጥ ሰው ቅዳሜ ከቀረም ደውሉለት፤ «ደክሞኝ ነው» ካላችሁ ትኩሳት እንዳለው ጠይቁት፣ ካለው ባጃጅ ይዛችሁ ሂዱና ውሰዱት።