የአራስ ሕፃን ትንፋሽ ማስጀመር፦ የሕክምና ተማሪዎች ልምምድ በወሎ

ከ10 ሕፃናት 9ኙ ገደማ እንደተወለዱ በራሳቸው ይተነፍሳሉ። ለቀረው አንድ ብዙ ጊዜ ማድረቅና ጀርባውን ማሸት ይበቃዋል። ካልበቃው በአምቡ ባግ (በእጅ እየተጨመቀ አየር በሚገፋ ከረጢት) እና አፍና አፍንጫን በሚሸፍን ማስክ አየር ይሰጠዋል። ደረት መጫንና መድኃኒት የሚያስፈልጋቸው ከ100 አንድ አይሞሉም።

በ2008 ዓ.ም. በተካሄደው የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት መሠረት፣ በኢትዮጵያ በሕይወት ከተወለዱ 1,000 ሕፃናት 29ኙ በመጀመሪያው ወር ይሞታሉ። ሲወለዱ መታፈን ከዋናዎቹ ምክንያቶች አንዱ ነው።

ችግሩ ተማሪው የሚለማመድበት ዕድል ማጣቱ ነው። ሕፃኑ ሳይተነፍስ ሲወለድ ልምድ ያለው ሰው ይሮጣል፣ ተማሪው ዳር ቆሞ ያያል። ደሴ ላይ በወሎ ዩኒቨርሲቲ ሕክምና የተማረ ወጣት ግን ነገ እንደ አቀስታ ወይም መካነ ሰላም ባሉ የደቡብ ወሎ ትናንሽ ከተሞች ሊመደብ ይችላል። እዚያ ሌሊት ማስኩን የሚይዘው ራሱ ነው። ስለዚህ እጁ አስቀድሞ በአሻንጉሊት መፍታታት አለበት።

እ.ኤ.አ. በ2010 የተጀመረው «ሄልፒንግ ቤቢስ ብሪዝ» (ሕፃናት እንዲተነፍሱ መርዳት) ሥልጠና የሚጠቀምባት ኒዮናታሊ ቀላል አሻንጉሊት ናት። ውኃ ሲሞላባት እንደ ሕፃን ትከብዳለች። አሠልጣኙ ከእሷ ጋር የተያያዘች ትንሽ የጎማ ኳስ በእጁ እየጨመቀ እትብቷ ላይ የልብ ምት እንዲዳሰስ ያደርጋል። መብራት አትፈልግም። በ2014 ዓ.ም. ጦርነት የወሎ ጤና ተቋማት ብዙ መሣሪያ አጥተዋል፤ ውዱን ማኔኪን (የተራቀቀ የሥልጠና አሻንጉሊት) ከመጠበቅ በዚህች መጀመር ያዋጣል።

ትልቁ ትምህርት ማስኩ ላይ ነው። በደንብ ካልገጠመ አየሩ በጎን ያመልጣል፣ ደረቷም አይነሳም። ያኔ ተማሪው ማስኩን እንደገና ይገጥማል፣ ጭንቅላቷን ያስተካክላል፣ አፏን ጠርጎ ከፈት ያደርጋል። አሁንም ካልተነሳ ጠንከር አድርጎ ይጨምቃል። ፍጥነቱ በደቂቃ ከ40 እስከ 60 ነው። አየር መስጠቱ በመጀመሪያዋ ደቂቃ ውስጥ መጀመር አለበት፣ ስለዚህ ሰዓት ይያዛል። ደሴ ከፍታዋ 2,500 ሜትር ገደማ ነው፣ ብርዱም አይቻልም። ሕፃን ከቀዘቀዘ ደግሞ ይበልጥ ይዳከማል። እርጥቡን ጨርቅ ቶሎ በደረቅ መቀየርም አብሮ ይለመዳል።

አንዷ ተማሪ እናት ሆና ብትተኛ ልምምዱ ሙሉ ይሆናል። «አብሽሪ እህቴ፣ እንዲተነፍስ እየረዳነው ነው» ማለትም ሥልጠና ይፈልጋል። እኔ ይህን ክፍል ከማስኩ አሳንሼ አላየውም። ቀጥሎ ቡድኑ ተቀምጦ ምን እንደተሠራ፣ ምን እንደዘገየ ያለ ወቀሳ ይነጋገራል።

አንድ ጊዜ ሠልጥኖ መተው ግን አያዋጣም፤ ችሎታው በወራት ውስጥ ይደበዝዛል። አሻንጉሊቷ ስኪል ላብ (የክህሎት መለማመጃ ክፍል) ተቆልፎባት ከምትቀመጥ ማዋለጃ ክፍል ብትሆን፣ ኢንተርኑ (በሆስፒታል የመጨረሻ ዓመት ልምምድ ላይ ያለው ተማሪ) እና አዋላጇ ተራ ሲቀበሉ ጥቂት ደቂቃ አብረው መለማመድ ይችላሉ።