አውራ ጎዳናን በቦይ መተካት ምንድን ነው?

በከተማ መሃል የሚያልፍን ፈጣን የመኪና መንገድ አንሥቶ፣ መንገዱ ከመሠራቱ በፊት እዚያው የነበረውን ውሃ ወደ ቦታው መመለስ ማለት ነው። ለዚህ ከኔዘርላንድሷ ዩትሬክት የተሻለ ማሳያ አላውቅም።

ዩትሬክት የከተማነት መብት ያገኘችው እ.ኤ.አ. በ1122 ነው፤ አሮጌውን ከተማ የሚከበው ቦይም በዚያው ዘመን ለመከላከያ ተቆፈረ። በ19ኛው ክፍለ ዘመን ቅጥሩ ሲፈርስ ዳርቻው መናፈሻ ሆነ። በ1958 ግን አንድ ጀርመናዊ የትራፊክ መሐንዲስ ቦዩ ተደፍኖ የመኪና ቀለበት መንገድ እንዲሆን የሚመክር ዕቅድ አቀረበ። ተቃውሞው ስለበረታ ዕቅዱ በሙሉ አልተፈጸመም፤ ካታሬይነሲንግል የሚባለው የምዕራቡ ክፍል ግን አልተረፈም። በ1970ዎቹ መጀመሪያ ውሃው ተወግዶ በቦታው ሰፊ አውራ ጎዳና ተዘረጋ። መንገዱ የተቀመጠው በቦዩ ጉድጓድ ውስጥ ስለነበር ከአካባቢው ዝቅ ይላል፤ ከድልድይ ላይ ቁልቁል የተመለከተ ሰው ጀልባ ያልፍበት በነበረው ሥፍራ የሚያየው አስፋልት ነበር። ይባስ ብሎ ቀለበቱ ስላልተጠናቀቀ ያ ሁሉ ጥፋት የተፈጸመው ለአንድ ቁራጭ መንገድ ሆነ።

በ2002 ነዋሪዎቹ በሕዝበ ውሳኔ ቦዩ የሚመለስበትን ዕቅድ መረጡ። ሥራው ረጅም ነበር፤ ውሃው በሰሜኑ በኩል በ2015 ገባ፣ ሙሉው ዙሪያ የተገናኘው ደግሞ ሴፕቴምበር 12 ቀን 2020 ነው። ዛሬ ቦዩ ሆክ ካታሬይነ በተባለው ትልቅ የገበያ አዳራሽ ሥር ጭምር ያልፋል።

ሁሉም የሚጠይቀው ጥያቄ አለ፤ መኪናዎቹስ የት ይሄዳሉ? የትራፊክ መሐንዲሶች መልሱን የትራፊክ ትነት ይሉታል። መንገድ ሲጠብ ከጉዞው ከፊሉ ወደ ሌላ መንገድ ወይም ሰዓት ይዛወራል፤ ከፊሉ በብስክሌት፣ በአውቶቡስ ወይም በባቡር ይተካል፤ ከፊሉ ደግሞ ጭራሽ ይቀራል። ሰፊ መንገድ አዲስ ጉዞ እንደሚጋብዝ ሁሉ መንገዱ ሲነሣም ጉዞው ይቀንሳል። ይህ ግን በራሱ አይሆንም፤ ለሰው ሌላ መጓጓዣ ካልተዘጋጀለት መጨናነቁ ወደ ጎረቤት ሰፈር ይሸጋገራል። የዩትሬክቱ ቦይ ከባቡር ጣቢያው አጠገብ፣ በብስክሌት በሚኖር ከተማ ውስጥ መሆኑ ቀላል ነገር አይደለም። የደቡብ ኮሪያ ዋና ከተማ ሶልም ቾንግጌቾን በተባለው የተሸፈነ ጅረት ላይ ቆሞ የነበረውን ከፍ ያለ አውራ ጎዳና ከ2003 ጀምሮ ስታፈርስ፣ በ2004 የአውቶቡስ ሥርዓቷን እንደ አዲስ አደራጅታለች።

በሁለቱ መካከል ግን ልናልፈው የማይገባ ልዩነት አለ። የዩትሬክቱ ውሃ ከቀሪው ቦይ ጋር የተያያዘ ስለሆነ ከተማዋን በጀልባ መዞር ይቻላል። በ2005 የተከፈተው 5.8 ኪሎ ሜትር የሶል ጅረት ግን አብዛኛው ውሃው ከሃን ወንዝ በፓምፕ የሚሳብ ነው፤ ፓምፑ በየቀኑ ኃይል ይበላል። በሥራው ጊዜም በዚያ አካባቢ ይነግዱ የነበሩ የጎዳና ነጋዴዎች ከቦታቸው ተነሥተዋል። እንዲህ ያለ ዕቅድ ሲመዘን የመናፈሻው ፎቶግራፍ አይበቃኝም፤ ውሃው ከየት እንደሚመጣና ማን ከቦታው እንደሚነሣ በዕቅዱ ላይ ተጽፎ ማየት እፈልጋለሁ።