የፍሪስታይል እግር ኳስ ባትል ምንድን ነው? አሸናፊው የሚለየውስ በምንድን ነው?

ልጆች ሆነን በሰፈራችን እልባት ያላገኘ አንድ ክርክር ነበረን። አንዱ ጓደኛችን ኳስ ሲያንቀረቅብ መቶ ያልፋል። ቀኝ፣ ግራ፣ ጉልበት፣ ቀኝ፣ ግራ፤ እኛ ዙሪያውን ከበን ጮክ ብለን እንቆጥርለታለን። ሌላኛው ሃያ እንኳ አይሞላም። ግን መሀል ላይ ኳሷን ከፍ አድርጎ ይልካትና ጎንበስ ብሎ ማጅራቱ ላይ ያሳርፋታል። እዚያው ፀጥ ብላ ትቀመጥለታለች። ያኔ ቆጠራው ሁሉ ይጠፋብናል። "ማን ይበልጣል?" የሚለው ጥያቄ ግን ሲመሽም አይፈታም፤ ግማሹ ቁጥሩን ይዞ ይሟገታል፣ ግማሹ ያቺን የማጅራት ኳስ።

ፍሪስታይል እግር ኳስ ዳኛና ደረጃ ያለው ውድድር ሆኖ ሲደራጅ የፈረደው ለሁለተኛው ልጅ ነው። በውድድሩ ላይ ኳሷ ስንት ጊዜ እንደተነካች የሚቆጥር ሰው የለም። ለረጅም ጊዜ ማንቀርቀብ ራሱን የቻለ ሌላ ጀብዱ ነው፤ እንግሊዛዊው ጆን ፋርንወርዝ እ.ኤ.አ. በ2011 የለንደን ማራቶንን ኳስ እያንቀረቀበ ጨርሷል፣ የሚደነቅም ሥራ ነው። በባትል መድረክ ግን ይህ ብቻውን የመጀመሪያውን ዙር አያሳልፍም።

ፍሪስታይል ማለት አንድ ሰው ከአንድ ኳስ ጋር፣ ከእጁ በቀር በመላ ሰውነቱ፣ በሙዚቃ ታጅቦ የሚሠራው ጥበብ ነው። ጎል የለም፣ ቡድን የለም። ሥሩ ከእግር ኳስ ሜዳ ይልቅ ወደ ሰርከስ ይቀርባል። እ.ኤ.አ. በ1931 ያረፈው ጣሊያናዊው ኤንሪኮ ራስቴሊ በአውሮፓ ቲያትሮች ኳሶችን በራሱ፣ በትከሻውና በእግሩ እያንቀረቀበ ተመልካች ያስደምም ነበር። እ.ኤ.አ. በ1989 ማራዶና ሙኒክ ላይ ከባየርን ጋር ከመጫወቱ በፊት ሲያሟሙቅ፣ የጫማው ክር ሳይታሰር፣ በስታዲየሙ ሙዚቃ ኳሷን ሲያስጨፍር የተቀረጸው ምስል እስከ ዛሬ ይታያል። ከ2000 ወዲህ ደግሞ የሮናልዲኒዮ ማስታወቂያዎች፣ የሆላንዳዊው ሱፍያን ቱዛኒና "ሚስተር ዉ" በሚል ስም የሚታወቀው የደቡብ ኮሪያው ዉ ሂ ዮንግ ቪዲዮዎች በኢንተርኔት ከአገር አገር ዞሩ። ልጆች ጓሯቸው ውስጥ ሆነው እየደጋገሙ አዩዋቸው፣ ሠሯቸው፣ ጨመሩባቸውም። ከዚያ በኋላ የቀረው አንድ ጥያቄ ብቻ ነበር፦ እንዴት እንወዳደር?

መልሱ ባትል ሆነ። ባትልን ለአበሻ ለማስረዳት ከእንካ ሰላንቲያ የተሻለ ምሳሌ አላገኘሁም። በእንካ ሰላንቲያ ሁለት ልጆች ፊት ለፊት ይቆማሉ፤ አንዱ ይወረውራል፣ ሌላው ይመልሳል፣ ቤት ያልመታለት ወይም የተባለውን የደገመ ተሸነፈ። ባትልም እንዲሁ ነው። ሁለት ሰዎች፣ አንድ ኳስ፣ በተለመደው አሠራር ሦስት ደቂቃ። አንዱ ለ30 ሰከንድ ይሠራል፣ ሰዓቱ ሲሞላ ኳሷን ለተጋጣሚው ያቀብላል፣ እሱም ለ30 ሰከንድ ይመልሳል። ለእያንዳንዳቸው ሦስት ሦስት ተራ ይደርሳቸዋል ማለት ነው። ሙዚቃውን የሚመርጠው ዲጄው ነው፤ ተወዳዳሪዎቹ ምን እንደሚመጣ አያውቁም።

አንድ ተራ በቅርብ እንመልከት። ልጁ ኳሷን በጫማው አፍንጫ ያነሳል። መደበኛዋ 5 ቁጥር አይደለችም፤ ብዙዎቹ ትንሽ አነስ የምትለውን 4.5 ቁጥር ይመርጣሉ፣ ነፋሷንም ጥቂት ያስተነፍሱላታል፣ እግር ላይ ስታርፍ እንዳትነጥር። ኳሷን ወደ ላይ ገፋ ያደርግና ከመውረዷ በፊት በዚያው እግሩ ዙሪያዋን ዞሮ እንደገና ይነካታል። ይህ "አራውንድ ዘ ዎርልድ" ይባላል፤ የሁሉም ሀ ሁ ነው። ቀጥሎ በአንድ ንክኪ በዚያው እግር ሁለት ጊዜ ይዞራታል፤ ይህ ሌመንስ ይባላል። ኳሷ ግማሽ ሜትር ከፍ ብትል ወጥታ እስክትመለስ ሁለት ሦስተኛ ሰከንድ እንኳ አይሞላም። ሁለቱ ዙር የሚያልቀው በዚያች ቅጽበት ውስጥ ነው፤ ያውም ልጁ በአንድ እግሩ ቆሞ። ከዚያ ኳሷን ወደ ራሱ ይልካታል፣ ግንባሩ ላይ ታርፋለች፣ በጆሮው አጠገብ ተንሸራታ ማጅራቱ ላይ ትቀመጣለች። እሷ እዚያ እንዳለች እሱ መሬት ይቀመጣል። ከማጅራቱ ወደ እግሩ ያወርዳታል፣ ቁጭ እንዳለ በሁለት እግሩ ያሽከረክራታል። ሰዓቱ ሊያልቅ ሦስት ሰከንድ ሲቀረው ይነሳል፣ ሙዚቃው ድም ሲል እግሮቹን አጣምሮ ከኋላው ይይዛታል፤ ይህች የኋላ አያያዝ ክሊፐር ትባላለች። አዳራሹ ይጮሃል።

እዚህ ላይ ዳኞቹ ምን አዩ? ቁጥራቸው ጎዶሎ ነው፣ ሦስት ወይም አምስት፣ አብዛኛውን ጊዜ ራሳቸው ፍሪስታይለር የነበሩ። በባትል ላይ በጂምናስቲክ እንደምናየው 9.4 ወይም 8.7 ብሎ ነጥብ ማውጣት የተለመደ አይደለም። ሦስቱ ደቂቃ ሲያልቅ መድረክ መሪው ይቆጥርና ዳኞቹ በአንድ ጊዜ እጃቸውን ወደ አንዱ ተወዳዳሪ ይዘረጋሉ። ብዙ እጅ ያገኘ ያልፋል፣ ሌላው ሻንጣውን ያነሳል። ጨካኝ ነው፤ እኔ ግን ይህን አሠራር እወደዋለሁ። ተወዳዳሪው የሚመዘነው በረቂቅ መስፈሪያ አይደለም፣ ፊቱ በቆመው ሰው ነው።

በዳኛው ጭንቅላት ውስጥ ያሉት መለኪያዎች ግን የታወቁ ናቸው። አንዱ ክብደት ነው፣ ማለትም ትሪኩ (አንዱ የኳስ ጥበብ) ምን ያህል አስቸጋሪ እንደሆነ። ስንት ዙር በአንድ ንክኪ? ትሪኮቹ እርስ በርስ የተያያዙት መሀላቸው የማረፊያ ንክኪ ሳይገባ ነው? ለዚህ ያለ ማረፊያ ማያያዝ "ኖ ታች" የሚል ስም አላቸው፤ በእግር ሥራ ላይ እውነተኛው መለያ እሱ ነው። የኖርዌዩ ኤርሌንድ ፋገርሊ ስሙ የገነነው እንዲህ ባለው የእግር ሥራ ነው። ሌላው ጥራት ነው፤ ትሪኩ ተሠርቷል ወይስ ተንገዳግዶ ዳነ? ሰውነቱ ተዝናንቷል ወይስ እጁ አየር ላይ እየተራገበ ነው? ሦስተኛው ሁለገብነት ነው። በእግሩ ብቻ ጎበዝ የሆነ ሰው በእግሩም፣ በራሱም፣ ቁጭ ብሎም ለሚሠራ ሰው ይሸነፋል፤ ልዩነቱ ጠባብ ሲሆን ደግሞ ይህ ይወስናል። አራተኛው የራስ ፈጠራ ነው፤ እንደ እኔ ከሁሉ የከበደውም እሱ ነው።

ፈጠራ ለምን ከበደ? ክብደትን ማየት ይቻላል፤ የለመደ ዓይን ዙሮቹን ይቆጥራቸዋል። ፈጠራን ለማወቅ ግን ዳኛው ከዚህ በፊት የተሠራውን ሁሉ ማወቅ አለበት። በዚህ ዓለም አዲስ ነገር የፈጠረ ሰው ስሙ ከትሪኩ ጋር ይቀራል፦ ቱዛኒ አራውንድ ዘ ዎርልድ በሱፍያን ቱዛኒ፣ ፓለ አራውንድ ዘ ዎርልድ በፓለ ስም። ዛሬ የ12 ዓመት ልጅ ቱዛኒን ቢሠራ ጎበዝ ይባላል፣ ፈጣሪ ግን አይባልም። የአዳራሽ ተመልካች የሚጮኸው ብዙ ጊዜ ለአክሮባቱ ነው፤ ዳኛው ደግሞ ለዚያች ማንም ላላስተዋላት አዲስ አያያዝ ራሱን ይነቀንቃል። ተመልካችና ዳኛ የሚለያዩት እዚህ ላይ ነው፣ ከውድድር በኋላ ቁጣ የሚነሳውም ከዚሁ ነው።

የኳስ መውደቅም ብዙ ያነጋግራል። ኳሷ ስለወደቀች ብቻ ማንም አይባረርም፤ ያነሳና ይቀጥላል። ነገር ግን የትኛዋ መውደቅ ናት? ማንም ያልሞከረውን ሲሞክር በመጀመሪያው ተራ የጣለ ሰውና በመጨረሻው ተራ ቀላሏን አራውንድ ዘ ዎርልድ የጣለ ሰው እኩል አይደሉም። የመጀመሪያው ድፍረቱ ይቆጠርለታል፤ የሁለተኛው መውደቅ በዳኛው ዓይን ውስጥ እንደተቀመጠ ድምፅ ይሰጥበታል። አንድን ትሪክ በዚያው ባትል መድገምም እንዲሁ ያስቀንሳል፤ በእንካ ሰላንቲያ የተባለን ቤት እንደመድገም ነው። ብልህ ተወዳዳሪ ስለዚህ ምርጡን ኮምቦ (የተያያዙ ትሪኮች ቅንብር) ለሦስተኛው ተራ ያስቀምጣል። አደጋው እስከዚያ ድረስ እግሩ መዛሉ ነው።

ከባትል ሌላ ሁለት ዓይነት ውድድሮች አሉ። አንዱ ሩቲን ነው፤ ተወዳዳሪው በራሱ ሙዚቃ አስቀድሞ ያቀናበረውን ትዕይንት ያቀርባል፣ እዚህ ላይ ነጥብ ይሰጣል። ሌላው "ሲክ ስሪ" ይባላል፤ ሦስት ኮምቦ ብቻ፣ የሚቻለውን ያህል የከበደ። ሙዚቃና ውበት ወደ ጎን ተትቶ ዙር የሚቆጠርበት መድረክ ነው፤ የሰፈራችን ቆጣሪዎች ቢኖሩ እዚህ ደስ ይላቸው ነበር።

አደረጃጀቱን በተመለከተ፣ ፊፋ እጁ የለበትም። የዓለም ፍሪስታይል እግር ኳስ ማኅበር የሚባል አካል ሕጉን ያወጣል፣ ዳኞችን ያሠለጥናል፣ በየአገሩ ያሉ ማኅበራትን ያስተሳስራል። የየአገሩ ሻምፒዮን ወደ አህጉር፣ ከዚያም ወደ ዓለም ፍጻሜ ይሄዳል። ትልቁን መድረክ የከፈተው ግን የመጠጥ ኩባንያ ነው፤ የሬድ ቡል ስትሪት ስታይል የመጀመሪያ የዓለም ፍጻሜ እ.ኤ.አ. በ2008 ሳኦ ፓውሎ ላይ ተካሄደ፣ ፈረንሳዊው ሾን ጋርኒየር አሸነፈ። ሁለተኛው በ2010 ኬፕ ታውን ላይ ነበር፤ ዋንጫውን የወሰደው በገዛ አገሩ የተጫወተው ደቡብ አፍሪካዊው ካማል ራንቾድ ነው። ይህን ባሰብኩ ቁጥር ደስ ይለኛል፤ ስፖርቱ ገና ሁለተኛ ሻምፒዮኑን ሲመርጥ አፍሪካ ነበረች። በ2012 ጣሊያን ሌቼ ላይ ጃፓናዊው ኮታሮ ቶኩዳ፣ በሴቶች ደግሞ የሃንጋሪዋ ኪቲ ሳስ አሸነፉ። ከእሷ ቀጥላ ፈረንሳዊቷ ሜሎዲ ዶንሼ ደጋግማ የዓለም ሻምፒዮን ሆናለች።

ከዚህ የተለየው በቼክ ሪፐብሊክ የሚካሄደው ሱፐር ቦል ነው። እዚያ ለመግባት የአገር ሻምፒዮን መሆን አያስፈልግም፤ ተመዝግቦ፣ ኳሱን ይዞ የመጣ ሁሉ ይወዳደራል። ማጣሪያው በክብ ነው፤ ተወዳዳሪዎች ክብ ሠርተው ይቆማሉ፣ ተራ በተራ ገብተው ይሠራሉ፣ ዳኞች የሚያልፉትን ይመርጣሉ። ከዚያ በኋላ ጥሎ ማለፍ ነው። ስፖርቱን በእውነት ማወቅ የፈለገ ሰው ከፍጻሜው መድረክ ይልቅ ያንን ክብ ቢያይ እመክራለሁ። የዓለም ሻምፒዮኑና ትናንት ከመንደሩ የመጣው ልጅ ትከሻ ለትከሻ የሚቆሙት እዚያ ነው።

ደረጃው ቀላል ሒሳብ ነው። እውቅና ያለው ውድድር እንደ ትልቅነቱ ነጥብ ይይዛል፤ ተወዳዳሪው በደረሰበት ዙር ልክ ነጥብ ያገኛል፤ ነጥቡ ይደመራል፣ ወንዶችና ሴቶች ለየብቻ ይሰለፋሉ። በባትል ድልድል ላይ ጠንካሮቹ ገና በመጀመሪያው ዙር እንዳይገናኙ የሚደረገው በዚህ ደረጃ ነው። ነገር ግን ሒሳቡ ቀላል ስለሆነ ፍትሐዊ ነው ማለት አይደለም። ነጥብ የሚገኘው በመወዳደር ነው፣ መወዳደር ደግሞ የአውሮፕላን ትኬትና ቪዛ ይጠይቃል። ከቼክ ድንበር ማዶ የሚኖር ጀርመናዊ ወጣት በባቡር ደርሶ ይወዳደራል፤ አክራ ወይም ናይሮቢ ያለ ወጣት ግን ኤምባሲ በር ላይ ሊቀር ይችላል። ስለዚህ እ.ኤ.አ. በ2018 ሌጎስ ላይ የመጀመሪያው የአፍሪካ ሻምፒዮና ሲካሄድ ትርጉሙ ከዋንጫ በላይ ነበር። አፍሪካዊው ተወዳዳሪ ባሕር ሳይሻገር የሚወዳደርበት መድረክ አገኘ።

ከዚያ የ2020 ወረርሽኝ መጣና ሬድ ቡል ስትሪት ስታይል ሙሉ በሙሉ ወደ ቪዲዮ ተዛወረ። ቪዛው ቀረ፤ ስልክና ኳስ ያለው ሁሉ ገባ። የዳኝነቱ ነገር ግን ተለወጠ። በቪዲዮ ላይ ኳስ አትወድቅም፤ ብትወድቅ ይቆረጥና እንደገና ይቀረጻል፣ አንዷ ተራ እስክትሳካ መቶ ጊዜ ብትሞከር ማንም አያይም። የተጋጣሚን ትሪክ እዚያው አይቶ እዚያው መመለስም የለም። በአዳራሽ ግን ኳሷ ትወድቃለች፤ ልጁ ጎንበስ ብሎ ያነሳታል፣ የቀረው ሰዓት 11 ሰከንድ ነው፣ ተጋጣሚው ከፊቱ እጁን አጣምሮ ያየዋል፣ ዳኞቹም ቀጥሎ የሚያደርገውን ይጠብቃሉ።