ፎከስ ስታኪንግ ምንድን ነው?

ክረምት ገብቶ እዚህ ጎንደር የአንገረብ ወንዝ ዳርቻ ሲረጥብ እንቁራሪት ለማንሳት የሚወጣ ሁሉ የሚያማርረው አንድ ነገር አለ። ዓይኗ ጥርት ሲል አፍንጫዋ ይደበዝዛል፤ አፍንጫዋ ላይ ሲያተኩሩ ደግሞ ዓይኗ ይጠፋል። ጥፋቱ የካሜራው አይደለም። ሌንስ ወደ አንድ ነገር በተጠጋ ቁጥር ጥርት ብሎ የሚወጣው ክፍል እየሳሳ ይሄዳል። ማክሮ ሌንስ (ትንንሽ ነገሮችን በቅርብ የሚያነሳ ሌንስ) ይዘው፣ ምስሏ ሴንሰሩ (ምስሉን የሚቀበለው የካሜራው ክፍል) ላይ በትክክለኛ መጠኗ እስኪያርፍ ተጠግተው፣ አፐርቸሩን (ብርሃን የሚያስገባውን የሌንስ ቀዳዳ) ኤፍ 8 ላይ አድርገው ቢያነሱ ጥርት ብሎ የሚወጣልዎት 1 ሚሊ ሜትር ገደማ ብቻ ነው።

አፐርቸሩን ማጥበብስ? እስከተወሰነ ድረስ ይረዳል። የኤፍ ቁጥሩ ሲጨምር ቀዳዳው ይጠባል፤ ኤፍ 16 ያንን ስስ ክፍል እጥፍ ያደርገዋል፤ ግን በዚህ ርቀት ኤፍ 16 የሚሠራው እንደ ኤፍ 32 ነው፤ በጠባቡ ቀዳዳ የሚያልፈው ብርሃን ስለሚበተን ፎቶው በሙሉ ይፈዛል።

ፎከስ ስታኪንግ የሚመጣው እዚህ ላይ ነው። ካሜራውን ሳያንቀሳቅሱ፣ ፎከሱን ከአፍንጫዋ ጀምሮ ትንሽ ትንሽ ወደ ኋላ እየገፉ ደጋግመው ያነሳሉ። ቤት ሲገቡ ሶፍትዌሩ ከእያንዳንዱ ፎቶ ጥርት ያለውን ክፍል ብቻ ወስዶ አንድ ምስል ይሠራል። ፎከሱን በራሳቸው እየገፉ የሚያነሱ ካሜራዎችም አሉ፤ ከሌለዎት የሌንሱን ቀለበት በእጅ ማዞር ነው። ብርሃኑና የቀለም ሚዛኑ ከፎቶ ፎቶ እንዳይለያይ ሁሉንም ማንዋል (በእጅ የሚስተካከል) ላይ ያድርጉት፤ ፋይሉም ሮው (ካሜራው ያላቀነባበረው ጥሬ ፋይል) ይሁን። እርጥብ ቆዳ በፍላሽ ክፉኛ ያብለጨልጫል፤ አንዴ ነጭ ሆኖ የተቃጠለ ቦታ ደግሞ በኤዲቲንግ አይመለስም፤ ስለዚህ ፍላሹን በነጭ ስስ ጨርቅ ይሸፍኑት።

አበባ ወይም ሳንቲም ቢሆን ነገሩ እዚህ ላይ ያልቅ ነበር። እንቁራሪት ግን ድንጋይ መስላ ብትቀመጥም ጉሮሮዋ አያርፍም፤ አየር ወደ ሳንባዋ የምትገፋው ጉሮሮዋን ከፍ ዝቅ እያደረገች ነው። ስለዚህ ፎቶዎቹ ሲዋሃዱ ዓይኗ ድንቅ ሆኖ ይወጣል፣ ከአገጯ ሥር ግን ሁለት ሦስት ጠርዝ ተደራርቦ ይታያል። ፎቶሾፕ ላይ ፋይሎቹን እንደ ሌየር (አንዱ በአንዱ ላይ የተነባበረ ንብርብር) ከፍተው በአውቶ አላይን ካስተካከሉና በአውቶ ብሌንድ ካዋሃዱ በኋላ፣ ከፎቶዎቹ ጉሮሮዋ ደህና የወጣበትን አንዱን ከላይ ይደርቡና በማስክ (የሌየሩን ከፊል በሚሸፍነው መሣሪያ) ያንን ቦታ ብቻ ያሳዩ። ትንሽ ቢደበዝዝም ግድ የለም፤ የተመልካች ዓይን የሚያርፈው ዓይኗ ላይ ነው። ለፊቷ ከ5 እስከ 10 ፎቶ ይበቃል ባይ ነኝ፤ ለ100 ፎቶ የምትቀመጥ እንቁራሪት የለችም፤ ኮምፒውተሩም 100 ፎቶ ሲያዋህድ መብራት ይሄድበታል።

ሰዓቱም ወሳኝ ነው። ጎንደር ከ2,000 ሜትር በላይ ስለሆነች ሌሊቱ ይበርዳል፤ የእንቁራሪት ሙቀት ደግሞ የአካባቢዋ ሙቀት ነው። ፀሐይ ሳትሞቅ፣ ማለዳ ላይ፣ ቶሎ አትዘልም። ይህን የሰሙ አንዳንዶች ፍሪጅ ውስጥ አስገብተው አደንዝዘው ያነሳሉ። እንዲህ የተነሳ ፎቶ የዱር እንስሳ ፎቶ ተብሎ መቅረብ የለበትም፤ ለእንስሳዋም ጭካኔ ነው። በእጅ መንካትም ይቅር፤ ቆዳዋ የትንኝ መከላከያና የፀሐይ ክሬም ይመጥጣል። ከአንገረብ ተነስተው ጎርጎራ የሚወርዱ ከሆነ ጫማዎን አጥበው ያድርቁ፤ እንቁራሪቶችን የሚፈጀው የቆዳ ፈንገስ በእርጥብ ጭቃ ይጓዛል፣ ኢትዮጵያ ውስጥም ተገኝቷል።

ስታክ ማድረግ ማጭበርበር ነው የሚሉ አሉ። እኔ አልስማማም፤ ምስሉ ላይ ያለው ሁሉ እዚያው ሣሩ ላይ የነበረ ነው። ብቻ ስታክ መሆኑን ይግለጹ፤ ዋናዎቹን ሮው ፋይሎችም አያጥፉ፣ ብዙ የዱር እንስሳት ፎቶ ውድድሮች ይጠይቋቸዋል።