እንጨታማ ሁሉ እንጨት አይደለም

«እንጨታማ» የምትለዋን ቅጽል በጨዋታ መሃል ብዙም አንሰማትም። ስለ ዕፅዋት በተጻፈ ነገር ውስጥ ነው ብቅ የምትለው። አንዳንዱ ጸሐፊ ታዲያ ሲወዳት ያለቦታዋ ይሰነቅራታል።

«እንጨታማ ወንበር» ይላል ለምሳሌ። አይሆንም፤ እሱ የእንጨት ወንበር ነው። ተራራማ አገር ተራራ የበዛበት እንጂ ከተራራ የተሠራ አይደለም። «እንጨታማ»ም የነገሩን ባሕርይ እንጂ የተሠራበትን አትናገርም።

«ግንድ ያለው ሁሉ እንጨታማ ነው» የሚሉም አሉ። እስቲ እንሰትን እዩት። ቁመቱ ከ5 ሜትር ሊያልፍ ይችላል። ግንድ የምንለው ግን ተጠቅልለው የተደራረቡ የቅጠል እግሮች ናቸው። እንጨት ቢሆን ኖሮ ማን ፍቆ ቆጮ ያደርገው ነበር? ሙዝም ያው ነው። «የሙዝ ዛፍ» ማለታችንን ግን አንተውም፤ እኔም አልተውም።

በሌላ በኩል ዛፍ ሳይሆን እንጨታማ የሆነ ሞልቷል። ጌሾ አለ። የጥብስ ቅጠልም አለ፤ ከሥሩ በኩል ያለውን አሮጌ ቅርንጫፍ ስበሩት፣ ቀጭ ይላል።

ቀርከሃ ላይ ሲደረስ ክርክሩ ይጦፋል። በዘሩ ሣር ነው፤ የጤፍና የስንዴ ዘመድ። ከመሬት ብቅ ሲል የዕድሜ ልክ ውፍረቱን ይዞ ነው የሚወጣው። እንደ ዛፍ በየዓመቱ አይወፍርም፤ ቢቆረጥም የዕድሜ ቀለበት አይታይበትም። ስለዚህ «እንጨት አይደለም» የሚሉት ልክ ናቸው። «እንጨታማም አይደለም» ካሉ ግን ሳቱ። እንጨትን የሚያጠነክረው ሊግኒን የሚባል ንጥረ ነገር ቀርከሃንም ያጠነክረዋል። የሊግኒን ስም ራሱ የመጣው «ሊግኑም» ከሚል የላቲን ቃል ነው፤ ትርጉሙ እንጨት። እንጨት ሳይሆን እንጨት የሚመስለውን ለመጥራት ከዚህች ቅጽል የተሻለ አላውቅም።

«ይሄ የተማረ ሰው ወሬ ነው» የሚለኝ አይጠፋም። ወጥ ቤት ግቡና ስሙ። ያረጀ ካሮት መሃሉ «እንጨት እንጨት ይላል»፤ የቆየ ጎመን አገዳው «እንጨት ሆኗል»። ሐሳቡ አንድ ነው፣ ቅጽሏ ብቻ ናት የቀረችው። ጥፋቱ ደግሞ ብዙ ጊዜ በማብሰያው ላይ ይላከካል፦ «ትንሽ ቢቆይ ይበስል ነበር!» አይበስልም። ሊግኒን በውሃ ተቀቅሎ የሚለሰልስ ነገር አይደለም። አገዳውን ጥሎ ቅጠሉን መክተፍ ነው።