ፕራይስ ጋውጂንግ ምንድን ነው? ሰሌዳው ላይ ያለው ቁጥር አይደለም

ሰሞኑን አንድ ቪዲዮ ተላከልኝ። ልጁ መኪናው ውስጥ ቁጭ ብሎ ስልኩን ወደ ማደያው የዋጋ ሰሌዳ አዙሯል። «አያችሁልኝ ወገኖቼ! በአንድ ሌሊት 30 ሳንቲም! ይሄ ፕራይስ ጋውጂንግ ነው፣ ወንጀል ነው!» ይላል። እሺ፣ ይበል። ነዳጅ ሲጨምር የማይናደድ የለም፤ እኔም መኪና እነዳለሁ። ያበሸቀችኝ ቀጥሎ ያላት ናት፦ «ሰውዬው ታንከሩ ውስጥ ያለውን ቤንዚን እኮ የገዛው ባለፈው ሳምንት፣ በድሮው ዋጋ ነው!»

ይህችን ነገር ሀሪኬን፣ ያ ከባሕር የሚነሣው አውሎ ነፋስ፣ በመጣ ቁጥር እሰማታለሁ። ቤተ ክርስቲያን ግቢ ሰምቻታለሁ፣ ለቅሶ ቤትም ሰምቻታለሁ። እኔ አትላንታ ውስጥ ለማደያዎች ነዳጅ በጅምላ በሚያከፋፍል ድርጅት የዋጋ ክፍል ውስጥ ነው የምሠራው። «ለነጋዴ ታዳላለህ» ብትሉኝ አልቀየምም። ብቻ ሒሳቡን አብረን እንየው።

ፕራይስ ጋውጂንግ ማለት መወደድ ማለት አይደለም። ሰው አደጋ ላይ ወድቆ አማራጭ ሲያጣ፣ ያንን ጭንቅ አይቶ ከወጪው ጋር የማይገናኝ ዋጋ መጠየቅ ነው። «ግርግር ለሌባ ያመቻል» እንላለን አይደል? ሕጉ የተጻፈው ለዚያ ሌባ ነው። ዋናዋ ነገር «ከወጪው ጋር የማይገናኝ» የምትለዋ ናት። ቪዲዮው ላይ ግን ወጪ የሚባል ነገር ጭራሽ አልተነሣም።

ይህ ስህተት ከየት እንደመጣ ይገባኛል። አገር ቤት የቤንዚን ዋጋ የሚወጣው በመንግሥት ነው። ማደያው ከተመኑ አንድ ሳንቲም ቢያሳልፍ ጥፋት ነው፣ አለቀ። ብዙዎቻችን ያንን ሚዛን ይዘን ነው የመጣነው። አሜሪካ ውስጥ ግን ተመን የለም። ሰሌዳው ዛሬ 3 ዶላር፣ ነገ 3 ዶላር ከ40 ቢል በራሱ ምንም አያስረዳም።

እንጀራ እየሸጠች ልጆች የምታሳድግ ሴት አስቡ። ድፍድፍ ነዳጅ ጤፉ ነው። ማጣሪያው ወፍጮ ቤቱ ነው። ቤንዚኑ ዱቄቱ ነው። ማደያው እሷ ናት። ምሳሌው እስኪበጠስ ልጎትተው ነው፣ ታገሡኝ።

ወፍጮው መብራት ጠፋበት። ጤፉ ምን ይሆናል? የሚፈጨው ስለጠፋ በየጆንያው ይከመራል፤ ዋጋው ሊወርድም ይችላል። ዱቄቱ ግን ሰማይ ይነካል። በኦገስት 2017 ሀሪኬን ሃርቪ ቴክሳስን ሲመታ የሆነው ይኸው ነው። ከአገሪቱ የማጣራት አቅም ሩብ ያህሉ ቆመ። ፖርት አርተር ያለው፣ በቀን 600,000 በርሜል ገደማ የሚያጣራው የአገሪቱ ትልቁ ማጣሪያ ሳይቀር ተዘጋ። ድፍድፉ ገዢ አጥቶ ሲወርድ ቤንዚኑ ወጣ። ያኔ አንዱ «ድፍድፍ ረክሶ ቤንዚን መወደዱ ራሱ የዘረፋው ማስረጃ ነው» ሲል ሰምቻለሁ። ወንድሜ፣ ማስረጃነቱስ ወፍጮው ለመቆሙ ነው።

ዱቄቱ ከወፍጮው እስከ እሷ ቤት የሚመጣበት መንገድም አለ። ከሂዩስተን ተነሥቶ ኒው ጀርሲ የሚደርሰው የኮሎኒያል ቧንቧ፣ የምሥራቁ ጠረፍ ከሚጠቀመው ነዳጅ 45 በመቶ ያህሉን ያደርሳል። ነዳጁ በቧንቧው ውስጥ የሚሄደው በሰው እርምጃ ነው ማለት ይቻላል፣ በሰዓት ከ5 እስከ 8 ኪሎ ሜትር። ከሂዩስተን ኒው ዮርክ ወደብ ለመድረስ ከሁለት ሳምንት በላይ ይፈጅበታል። በ2005 ሀሪኬን ካትሪና ስትመጣ ችግሩ የቧንቧው መፈንዳት አልነበረም። ነዳጁን የሚገፉት ፓምፖች መብራት ስላጡ ነው የቆመው። በዚያ ዓመት ኦገስት 29 የአገሪቱ አማካይ ዋጋ በጋሎን 2.61 ዶላር ነበር። በሳምንቱ 3.07 ገባ።

አሁን ወደዚያች ወደምታበሽቀኝ ነገር ልምጣ። ሴትዮዋ ቤት በድሮ ዋጋ የተገዛ ግማሽ በርሜል ዱቄት አለ። የቪዲዮው ልጅ «በድሮው ዋጋ ሽጪ» ይላታል። ትሽጥ። ማታ ብሯን ቆጥራ ወፍጮ ቤት ስትሄድ፣ ያ ብር ያንኑ ያህል ዱቄት አይገዛላትም። ጎደሎውን ከየት ታምጣ? እንጀራ የጋገረ ሰው ያውቃል፣ ሊጥ ተሟጦ አይጋገርም። ለሚቀጥለው ቡኮ እርሾ ይቀመጣል። ማደያው ዛሬ የሚሰበስበው ገንዘብ የነገው ቦቴ እርሾ ነው።

በቁጥር እንየው። አንድ ቦቴ 8,500 ጋሎን ገደማ ይጭናል። የጅምላው ዋጋ በጋሎን 60 ሳንቲም ጨመረ እንበል። የሚቀጥለው ቦቴ ካለፈው በ5,100 ዶላር ይበልጣል ማለት ነው። ሒሳቡ በጥቂት ቀናት ውስጥ ከባንክ ይሳባል፤ ልመና የለም። የክሬዲት ካርዱ ክፍያም በመቶኛ ስለሆነ ከዋጋው ጋር አብሮ ይወጣል። ከላይ የትልቅ ኩባንያ አርማ ተሰቅሎ ስታዩ ባለቤቱ ኩባንያው እንዳይመስላችሁ። አብዛኛው ማደያ የግለሰብ ነው፤ አንድ ብቻ ያለው ብዙ ነው።

የጅምላው ዋጋ የሚቀየርበትን ሰዓት ብታዩ ደስ ይለኝ ነበር። ከምሽቱ 12 ሰዓት ነው፣ በፈረንጁ 6። ሀሪኬን የሜክሲኮ ባሕረ ሰላጤ ላይ ሲያንዣብብ፣ ከ6 በፊት ለመጫን ቦቴው ዲፖው በር ላይ ተደርድሮ ይቆማል። ሹፌሮቹ ሰዓታቸውን እያዩ ይደውሉልኛል። 5፡50 ላይ የጫነና 6፡10 ላይ የጫነ፣ ያው ነዳጅ፣ ያው ቧንቧ፣ በጋሎን 20 ሳንቲም ሊለያዩ ይችላሉ። በማግስቱ ሁለቱ ማደያዎች ፊት ለፊት ቆመው የተለያየ ዋጋ ይለጥፋሉ። አላፊ አግዳሚው ውዱን «ሌባ» ይለዋል።

ሌላም አለ። አርማ ያላቸው ማደያዎች ውል ስላላቸው እጥረት ሲመጣ ቅድሚያ ያገኛሉ፤ ዋጋቸውም ቀስ ብሎ ነው የሚጨምረው። አርማ የሌለው ማደያ በደህናው ጊዜ በርካሽ ይገዛል፣ በክፉ ቀን ግን ከሁሉ የበለጠ ይከፍላል። አንድ የማውቃቸው አባት እንዲህ ያለ ማደያ አላቸው። «ልጄ፣» አሉኝ አንድ ጊዜ፣ «ፊት ለፊቴ ካለው በ40 ሳንቲም አስበልጬ እየሸጥኩ ትርፌ ከሱ ያንሳል። ስድቡ ግን የኔ ነው።» ደረሰኛቸውን አይቻለሁ። እውነታቸውን ነው።

ሌባ የለም ወይ? አለ እንጂ! ሃርቪ ሰሞን የአገሪቱ አማካይ 2.68 ዶላር በነበረበት ሳምንት፣ ቤንዚን በጋሎን 8.99 እና 9.99 ዶላር ሸጠዋል የተባሉ ማደያዎች በቴክሳስ ጠቅላይ አቃቤ ሕግ ተከሰዋል። ያንን ቁጥር የሚያስረዳ የጅምላ ዋጋ እኔ አላውቅም። ካትሪና ጊዜ እዚሁ አትላንታ ከ5 ዶላር በላይ የለጠፉ ነበሩ። በዚያው ቀን ኦገስት 31 የስቴታችን የጆርጂያ አገረ ገዢ የነበሩት ሶኒ ፐርዱ የአስቸኳይ ጊዜ አወጁና ሕጉ ሥራ ላይ ዋለ። ኋላ ኮንግረስ ጉዳዩ ይመርመር አለ። የፌዴራል ንግድ ኮሚሽን በሜይ 2006 ባወጣው ሪፖርት ኮንግረስ በሰጠው መመዘኛ ፕራይስ ጋውጂንግ የሚባሉ 15 ምሳሌዎች አገኘ። ነገር ግን ሁሉም ለማለት በሚቻል ሁኔታ በአካባቢው ገበያ የሚብራሩ ሆነው ተገኙ። «ያው መንግሥትና ኩባንያው ተመሳጥረው ነው» የሚል እንደማይጠፋ አውቃለሁ። እንግዲህ።

እዚህ ላይ ሳትጠይቁኝ አንድ ነገር ልናዘዝ፤ ሥራዬ ሆኖ መደበቅ አልችልም። የእርሾው ክርክር የገበያ ክርክር ነው፣ የሕግ አይደለም። የፌዴራል የፕራይስ ጋውጂንግ ሕግ የለም። በሜይ 2022 የተወካዮች ምክር ቤት አንድ ረቂቅ በጠባብ ድምፅ አሳልፎ ነበር፣ ሕግ ሳይሆን ቀረ። ስለዚህ ነገሩ የየስቴቱ ነው፤ ብዙዎቹ የራሳቸው ሕግ አላቸው። ካሊፎርኒያ 10 በመቶ ብሎ ይቆርጣል። ፍሎሪዳ ከአስቸኳይ ጊዜ አዋጁ በፊት ከነበሩት 30 ቀናት አማካይ ጋር ያነጻጽራል። ቴክሳስ «የተጋነነ» ይልና ስንት እንደሆነ ለዳኛው ይተወዋል። የኛዋ ጆርጂያ ደግሞ የምትፈቅደው ሻጩ ራሱ የደረሰበትን የወጪ ጭማሪ ብቻ ነው። ልብ በሉ፣ የደረሰበትን ነው የሚለው። ሴትዮዋ ውዱን ዱቄት ሳትገዛ ቀድማ ብትጨምር፣ እኔን ብታሳምንም አቃቤ ሕጉን ላታሳምን ትችላለች። የቪዲዮው ልጅ ይህንን ብሎ ቢሆን አፌን እይዝ ነበር። እሱ ግን አዋጅ መታወጁን እንኳ አልጠየቀም። ያለ አዋጅ ደግሞ ይህ ሕግ አብዛኛውን ጊዜ እንቅልፍ ላይ ነው።

ሀሪኬን ሁሉ አንድ እንዳይመስላችሁም። ፍሎሪዳ ማጣሪያ የላትም፤ ቤንዚኗ በአብዛኛው በመርከብ ነው የሚገባው። እዚያ ማዕበል ሲመጣ ወፍጮ አይቆምም፣ መርከቡ ነው ወደብ መግባት የሚያቅተው። ስለዚህ ዋጋው ብዙም ሳይንቀሳቀስ ማደያው ባዶ ይሆናል። ሃርቪ ጊዜ ዳላስን ጎርፍ አልነካትም። ሰው ሁሉ «ሊያልቅ ነው» ብሎ ታንኩን ለመሙላት ባንዴ ስለወጣ ብቻ ማደያዎች ደረቁ። ሰፈሩ በሙሉ በአንድ ጠዋት ሃምሳ ሃምሳ እንጀራ ቢያዝ ማለት ነው። ምሳሌዬ የሚበጠሰውም እዚህ ነው። እንጀራ ቢጠፋ ቂጣ ይበላል፣ ቆሎ ይቆረጠማል። መኪና ቆሎ አይበላም። ሻጭ በክፉ ቀን ጉልበት የሚያገኘው በዚህ ስለሆነ ሕጉ መኖሩን አልቃወምም።

የምር መጠርጠር የሚወድ ሰው ካለ ግን ቀኑን ልንገረው። ሀሪኬኑ ያለፈ ሰሞን አይደለም፤ ከሦስት ሳምንት በኋላ ነው። በኛ ሙያ ቤንዚን እንደ ሮኬት ይወጣል፣ እንደ ላባ ይወርዳል ይባላል። ማጣሪያው ይነሣል፣ ቧንቧው ይከፈታል፣ የጅምላው ዋጋ በየምሽቱ ዝቅ ይላል። ሰሌዳው ግን ቀስ ነው የሚለው። ማደያ ደህና ትርፍ የሚያገኘው ያኔ ነው። ገሚሱ በማዕበሉ ሳምንት የከሰረውን እየመለሰ ነው፣ ገሚሱ ሰው ስላላየው ነው። አዋጁም አልፏል፣ ዋጋውም እየቀነሰ ስለሆነ ሁሉም ደስተኛ ነው። ያን ሰሞን ቪዲዮ የላከልኝ ሰው የለም።

እኚያ አባት ጋ አንድ ቀን እንዲህ ባለው ሰሞን ሄድኩ። ቁጥር መቀየሪያውን ረጅም ዘንግ ይዘው ሰሌዳው ሥር ቆመዋል። አንገታቸውን ወደ ላይ ሰቅለው የፊት ለፊቱን ማደያ ያያሉ።

«ዛሬ 2 ልቀንስ ወይስ 3?» አሉኝ።

ጅምላው በዋዜማው ምሽት 9 ሳንቲም ወርዶ ነበር።