ዳቦው ላይ ያለው ቀይ ነገር ደም አይደለም!

ሱሉልታ ከገባሁ ወዲህ ጎረቤቶቼ ቤተ ሙከራ እንደምሠራ ሰምተዋል። የሻገተ ነገር ሁሉ ወደ እኔ ይመጣል። እሱስ ደስ ይለኛል። የሚያናድደኝ አብሮት የሚመጣው ወሬ ነው።

«ባልዲው ጠርዝ ላይ ያለው ሮዝ ነገር ዝገት ነው።» ፕላስቲክ ከመቼ ወዲህ ነው የሚዝገው? ውሃ በፈረቃ ሲመጣ አጠራቅመን እናቆየዋለን፤ እዚያ የሚያሙለጨልጨው ብዙውን ጊዜ ባክቴሪያ ነው። ፈትጉት።

«እንጀራ ላይ አረንጓዴው እንጂ ነጩ አይጎዳም።» ብዙውን ጊዜ ሁለቱም አንድ ሻጋታ ናቸው። ነጩ ዳር ገና እየሰፋ ያለው ነው፤ መሃሉ ግን ዘር አፍርቶ አረንጓዴ ሆኗል። የሻጋታው ክር ደግሞ በእንጀራው ዓይኖች በኩል ውስጥ ውስጡን ሄዷል። ቆርጦ መብላት የለም፣ ጣሉት።

አሁን ወደ ደሙ። ባለፈው ክረምት አንዲት እናት በፌስታል የቆየ ድፎ ይዘው መጡ። ላዩ ላይ ቀይ፣ የሚያብረቀርቅ፣ ክብ ክብ ነጠብጣብ አለ። «መተት ነው» አሉ። ጣት የተቀሰረው በቤት ሠራተኛዋ ላይ ነበር። ልጅቷ ሻንጣዋን ሸክፋ በር ላይ ቆማለች።

መርፌ በእሳት አነደድኩና ቀዩን ነክቼ የተቀቀለ ድንች ላይ መስመር አሰመርኩ። ብርጭቆ ደፍቼበት እሳቸው ኩሽና፣ ምጣዱ አጠገብ አስቀመጥኩት። (እናንተ አትሞክሩት፤ ደካማ ሰው ላይ በሽታ ሊያመጣ ይችላል።) በሦስተኛው ቀን ያሰመርኩት መስመር ቀልቶ ተገኘ። «ታዲያ መተተኛው እኔ ነኛ?» አልኳቸው።

ነገሩ አዲስ አይደለም። በ1819 እ.ኤ.አ. ጣሊያን ውስጥ ፓዶቫ አካባቢ የበቆሎ ገንፎ ቀልቶ፣ ሰው የሰይጣን ሥራ ነው ብሎ ነበር። ባርቶሎሜዎ ቢዚዮ የተባለ መድኃኒት ቀማሚ ሕይወት ያለው ነገር መሆኑን አሳየና ሴራሺያ አለው። ድፎው ላይ ያየነውም ይህ ባክቴሪያ ነው፤ ቀይ ቀለሙ ፕሮዲጂዮሲን ይባላል። ከ30 ዲግሪ በታች ደምቆ ይወጣል። 37 ዲግሪ ላይ ብታሳድጉት ያው ባክቴሪያ ነጭ ይሆናል። እንዲህ የሚያደርግ ደም አይታችኋል?

«ታዲያ ነጠብጣቡን ማን እንዲህ ክብ አደረገው?» አሉ እናትየው። ማንም። አንዲት ሕዋስ ትወድቃለች፣ ለሁለት ትከፈላለች፣ ልጆቿ እየተገፋፉ በሁሉም አቅጣጫ እኩል ይሰፋሉ። ስለዚህ ክብ ይሆናል። ምግብ ሲያጥር ደግሞ እንደ ዛፍ ቅርንጫፍ የሚያወጡ የባክቴሪያ ዓይነቶች አሉ።

ልጅቷ ሻንጣዋን ፈታች። እናትየው ግን ድንቹን የጣሉት ጠበል ረጭተውበት ነው።